ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ኮርቻውስ?

«ፈረሰኞቹ» ሲባል የከተማ ኳስ አፍቃሪ ሐሳቡ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በ1928 ዓ.ም የተመሠረተው ክለብ ጎል ሲያገባ ደጋፊው ይጨፍራል፣ ተጋጣሚው ይበሳጫል፤ ስለ ፈረሱ ግን የሚያነሳ የለም። ያው መጠሪያ ነዋ! ደቡብ ጎንደር ብቅ ያለ ሰው ግን «ፈረሰኞቹ» ሲባል የሚታየው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ፈረሰኛ ማለት ጋሻና ዘንግ ይዞ፣ አቧራ እየበላ፣ እውነተኛ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ነው።

የዚህ ስፖርት ዋና ወር ጥር ነው። ጥር 11 ጥምቀት አለ። ጥር 23 በአዊ በኩል በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር ዓመታዊ በዓል አለ። ሁለት ቀን ቆይቶ ጥር 25 ደብረ ታቦር የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ይውላል፤ ቀኑም የፈረስ ጉግስ ቀን በመሆን ይታወቃል። በኳስ ቋንቋ ካወራን ፕሮግራሙ የተጣበበ ነው።

በዓሉን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው የሚያየው ባለ ጌጥ ግላሱን፣ አንገት ላይ የሚወዛወዘውን መርገፍ፣ የጎፈር ኮፍያውን ነው። ካሜራውም እሱን ይወዳል። ጨዋታው የሚወሰነው ግን ካሜራ በማያየው ቦታ፣ በፈረሱ ሆድ ስር ነው። ኮርቻውን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሮ የሚያስረው የሆድ ማሰሪያ እዚያ ነው ያለው። እሱ ከላላ ወይም ኮርቻው በጀርባው ልክ ካልሆነ ጋላቢው ኮርቻውን ይዞ በፈረሱ ጎን በኩል ይዞራል። ከዚያ በኋላ ያለው መሬት ነው። ከኋላ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት የሚመጣ ሌላ ፈረስ አለ።

ይህ ችግር በሁሉም ፈረስ ላይ እኩል አይደርስም። በጣም የሚያስቸግረው ድቡልቡል ገላ ያለው ፈረስ ነው። የሐበሻ ፈረስ ደግሞ፣ በተለይ በጥር ወር፣ ብዙውን ጊዜ ድቡልቡል ነው።

የጉና ልጆች

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስማዳ፣ እስቴና ጋይንት በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ተጎራብተው የሚገኙ አገሮች ናቸው። ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራም የዚሁ አካባቢ ራስ ነው። ከደጋው ወደ ቆላው ቁልቁለቱ ብዙ፣ መንገዱ ገደል ነው። በእንዲህ ያለ አገር ፈረስና በቅሎ ጌጥ ብቻ አይደሉም። ሰው ወደ ገበያ ያደርሳሉ፣ እህል ያጓጉዛሉ፣ ሙሽራ ያመጣሉ፣ ታማሚ ያወጣሉ።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2012 ባወጡት ጥናት በሀገሪቱ 8 ዓይነት የፈረስ ዝርያዎችን ለይተዋል። የሰላሌው፣ የባሌው፣ የቦረናው፣ የሆሮው፣ የካፋው፣ የቁንዱዶው፣ የኦጋዴኑ እና የሐበሻው ናቸው። የጎንደር አካባቢው ከሐበሻው የሚመደብ ነው። በቁመት ረዥም የሚባል አይደለም። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ያለ ጫማ ከ1 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠውን ፈረስ «ፖኒ» ብሎ ነው የሚመድበው። በዚህ መለኪያ ከሄድን የደጋው ፈረስ ከፖኒ ተራ ይገባል። ግን ማን ይሰማል! ገደል ላይ ሲወጣ ያየ ሰው በቁመቱ አይንቀውም።

እንግዲህ ከአውሮፓ የእሽቅድምድም ፈረስ የሚለየው በቁመት ብቻ አይደለም። የእሽቅድምድም ፈረስ ደረቱ ጠበብ፣ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ነው። አንገቱና ጀርባው የሚገናኙበት የትከሻ ጉብታም ከፍ ብሎ ይታያል። ያ ጉብታ ለኮርቻ እንደ ችካል ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዳይዞር ይይዘዋል። አጠር ብሎ ክብ ገላ ያለው ፈረስ ላይ ግን ጉብታው ዝቅ ብሎ በስጋ ይሸፈናል። ጎድኑ እንደ እንስራ ይነፋል። እንስራ ላይ ኮርቻ ጭኖ ለማቆም መሞከር ነው እንግዲህ። የሚይዘው ነገር የለም።

የወሩን ነገር ጨምሩበት። ክረምቱ ሳር ሰጥቶ አልፏል። መኸሩ ተሰብስቦ ፈረሱ በአዝመራው ማሳ ላይ ገለባና ቃርሚያ ሲለቅም ከርሟል። ጥር ላይ በሙሉ ስጋው ነው። ይኸው ፈረስ ግንቦት ላይ ሲታይ ጎድኑ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ኮርቻው ግን ያው አንዱ ነው፤ እንጨቱ አይሰፋ፣ አይጠብ። በግንቦት ልክ የነበረ ኮርቻ በጥር ይጠባል፣ በጥር ልክ የሆነው በግንቦት ይወድቃል። የወቅቱ መጀመሪያ ላይ ተጫዋች በክብደት መለኪያ እንደሚወጣው ሁሉ የፈረሱም ጀርባ ከበዓሉ በፊት መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ጉግስ ምን ይጠይቃል?

ጉግስ አይቶ ለማያውቅ የኳስ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቡድን በሜዳው ላይ ፊት ለፊት ይሰለፋል። ከአንዱ ወገን የወጣው ይሸሻል፣ ከሌላው የወጣው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል ወይም ይሰነዝራል፤ ሸሺው በጋሻው ይመክታል ወይም ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል። ሜዳው ሲያልቅ ተራው ይገለበጣል። መከላከልና መልሶ ማጥቃት ማለት ነው። ልዩነቱ ኳስ የለም፣ ፍሬን የለም።

አሁን ጋላቢውን ልብ በሉት። ፈረሱ በሙሉ ጉልበት እየሮጠ እሱ ወገቡን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ያያል። ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። ዘንግ ሲመጣ ከአንድ ወገን ተንጠልጥሎ በፈረሱ አንገት ስር ሊደበቅ ይሞክራል። ክብደቱ በሙሉ በአንድ እርካብ ላይ ያርፋል። ኮርቻን ለማዞር ከዚህ የተሻለ ዘዴ ሆን ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም። ቀጥ ብሎ የሚጋልብ መንገደኛ ላይ ዓመት ሙሉ ያልታየ ጉድለት ጉግስ ላይ በ10 ሰከንድ ይወጣል።

ታዲያ ኮርቻው ሲዞር መጀመሪያ የሚመጣው መፍትሄ ምንድን ነው? «አጥብቀው!» ጉልበቱን ፈረሱ ሆድ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሁለት ሰው ሆኖ መሳብ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ሊነክስ ሲዞር ደግሞ «ይሄ ክፉ ፈረስ ነው» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ጥፋቱ የኮርቻው ሆኖ ሳለ የሚቀጣው የፈረሱ ሳንባ ነው።

ማጥበቅ ጎል ያስቆጥራል፤ በራስ ላይ

የማጥበቁ ነገር በሳይንስም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ በ1999 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት የእሽቅድምድም ፈረሶችን በመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጦ ነበር። የሆድ ማሰሪያው እየጠበቀ በሄደ ቁጥር ፈረሶቹ ቶሎ ደከሙ። ምክንያቱን ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ተጫዋች ቀበቶውን አንቆ አስሮ 90 ደቂቃ ይሩጥ ቢባል 20ኛው ደቂቃ ላይ ቅያሪ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ በ2013 በእንግሊዝ የወጣ ነው። ተመራማሪዎቹ የግፊት መለኪያ በማሰሪያው ስር አድርገው ፈረሱን አስሮጡት። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ማሰሪያው ፈረሱን የሚጎዳው ከታች፣ ፍርምባው ላይ ይመስለው ነበር። መለኪያው ያሳየው ሌላ ነው። ከፍተኛው ግፊት የሚያርፈው ከፊት እግሩ ክርን ጀርባ ነው፤ እግሩ ወደ ኋላ በመጣ ቁጥር ክርኑ ከማሰሪያው ጋር ይጋጫል። በዚያ ቦታ ላይ ጎደል ተደርጎ የተቆረጠ ማሰሪያ ሲታሰርላቸው ፈረሶቹ የፊት እግራቸውን ይበልጥ ወደ ፊት መዘርጋት ቻሉ። እርምጃቸው ረዘመ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ፈረሰኞች ይህንኑ ዓይነት ማሰሪያ ጥናቱ ከመታተሙ በፊት በምስጢር ይዘው የ2012 የለንደን ኦሊምፒክን ተወዳድረዋል። ውጤቱ 3 ወርቅ፣ 1 ብርና 1 ነሐስ ነበር። በመሰናክል ዝላይ በቡድን ያገኙት ወርቅ ከ1952 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ሜዳሊያውን ማሰሪያው ነው ያመጣው ማለት አይቻልም፤ ፈረሱም ሰውም ምርጥ ነበሩ። ግን በዚያ ደረጃ ያለ ቡድን ስለ ሆድ ማሰሪያ ይህን ያህል ከተጨነቀ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን መረዳት ይቻላል።

የሚገባው ማሰሪያ የትኛው ነው?

ድቡልቡል ለሆነ ፈረስ ማሰሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ስፋቱ ነው። ቀጭን ገመድ ስጋ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቆዳ ይቆርጣል፣ ላብ ሲነካው ደግሞ ይንሸራተታል። አንድ መዳፍ ያህል ስፋት ያለው ግፊቱን ያካፍላል። የናይለን ገመድ ጠንካራ ቢሆንም ቆዳ ይበላል። ከአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ ደግሞ ይለጠጣል፤ ቆዳውንም አፍኖ ያልበዋል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ከስሩ በሱፍ ወይም በወፍራም የጥጥ ጨርቅ መሸፈን አለበት።

ሁለተኛው የተሠራበት ነገር ነው። በደንብ የለፋ ለስላሳ ቆዳ ጥሩ ነው። ከሱፍ ወይም ከጥጥ ክር ተጎንጉኖ የተሠራ ሰፊ ማሰሪያ ደግሞ ለክብ ገላ የበለጠ ይስማማል። ክሮቹ የፈረሱን ጸጉር ይይዛሉ፣ አየር ያስገባሉ፣ ላብ ይመጣሉ። ሳይጠብቅ የሚይዝ ማሰሪያ ማለት ይኼ ነው። ቆዳ ከሆነ በየጊዜው ቅባት ይፈልጋል። ደርቆ የተሰነጠቀ ጠፍር መቼ እንደሚበጠስ አይናገርም፤ የሚበጠሰው ግን ገበያ መንገድ ላይ ሳይሆን ግልቢያው ላይ ነው።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። በጣም አጭር ከሆነ ዘለበቱ ወይም ቋጠሮው በትክክል ክርኑ ጀርባ ይመጣና ጥናቱ የጠቆመውን ቦታ ይመታል። በጣም ረዥም ከሆነ ደግሞ ማጥበቂያ ቦታ ያልቃል። ልኩን ለማወቅ ሲባጎ ይበቃል። ኮርቻው ከተጫነ በኋላ ከአንዱ ወገን ማንጠልጠያ በሆዱ ስር አዙሮ እስከ ሌላው መለካት ነው። ልኩ የሚወሰደው ፈረሱ በወፈረበት ወራት መሆን አለበት፤ ሲከሳ ማሳጠር ይቻላል፣ ሲወፍር ማስረዘም ግን አይቻልም።

አራተኛው ሚዛኑ ነው። ማሰሪያው የሚለጠጥ ነገር ካለው በሁለቱም ወገን እኩል ይኑረው፣ ካልሆነ ጭራሽ አይኑረው። በአንድ ወገን ብቻ ከተለጠጠ ኮርቻውን ሁልጊዜ ወደ ጠንካራው ጎን ይጎትታል። የዘለበቱም ቀዳዳ እንዲሁ ነው፤ በግራ 3ኛው ላይ ከገባ በቀኝም 3ኛው ላይ ይግባ። አንድ ክንፍ ብቻ ይዞ የሚጫወት ቡድን የት እንደሚደርስ ይታወቃል።

ዋናው ኮርቻው ነው

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ኮርቻው ልክ ካልሆነ ግን ዋጋ የለውም። 42 ቁጥር እግር 40 ቁጥር ታኬታ ውስጥ ገብቶ ክሩን ቢያጠብቁት አይስተካከልም፤ ቢያላሉትም አይስተካከልም።

የሐበሻ ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው። በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ሳንቃዎች፣ ከፊትና ከኋላ ከፍ ያሉ ቅስቶች፣ ከላይ ደግሞ የቆዳ ልባስ አለው። ቁም ነገሩ የሳንቃዎቹ ማዕዘን ነው። ለቀጭን ፈረስ የተሠራው እንደ ሳር ቤት ጣሪያ ሾጠጥ ይላል። እሱን ድቡልቡል ጀርባ ላይ ማስቀመጥ ክፍት መጽሐፍ በርሜል ላይ መድፋት ነው። ጫፎቹ ብቻ ይነካሉ፣ መሃሉ አየር ላይ ይቀራል። ሁለቱ ጫፎች ስጋ ይወጋሉ፣ ኮርቻው ደግሞ ይወዛወዛል። ለክብ ገላ የሚሆነው ማዕዘኑ ገለጥ ያለ፣ ሳንቃው ከጎድኑ ጋር እንደ መዳፍ ተለጥፎ የሚተኛ ነው።

እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ። ኮርቻው ሲወጋ «ጨርቅ ጨምርበት» ይባላል። አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ከረጢት። ኮርቻው የጠበበው ገላው ሰፍቶ ሆኖ ሳለ ጨርቅ መጨመር ጠባብ ጫማ ላይ ሁለተኛ ካልሲ መደረብ ነው። ይብሱን ይጠባል። በዚያ ላይ ጋላቢው ከፈረሱ ከፍ ይላል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ ይዞራል። ልክ ለሆነ ኮርቻ አንድ ያልተሸበሸበ የሱፍ ንጣፍ ይበቃዋል።

ልኩን ለእንጨት ሠሪው ለመውሰድ ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ወፍራም ሽቦ ከትከሻው አጥንት ጀርባ በጀርባው ላይ አጋድሞ በእጅ ተጭኖ ቅርጹን ማስያዝ ነው። ከዚያ ቅርጹ ሳይበላሽ አንስቶ ካርቶን ላይ ማስመር። ካርቶኑ የፈረሱ ቁጥር ነው። በጥር አንድ፣ በግንቦት አንድ ቢወሰድ ልዩነቱን ባለቤቱ በዓይኑ ያየዋል። ባለቤቶቹ ሲያዩት የሚገርማቸው ነገር ይኼ ነው የሚሆነው።

ኮርቻው ሲጫንም ቦታ አለው። ከትከሻው አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ወደ ኋላ ነው። ፈረስ እግሩን ወደ ፊት ሲዘረጋ የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ ስለሚመጣ ኮርቻው ከላዩ ከተቀመጠ ይገታዋል። መሃል ላይ፣ ከአከርካሪው በላይ፣ ሦስት ጣት የሚያሳልፍ ክፍት ቦይ ሊኖር ይገባል። ጋላቢው ከተቀመጠ በኋላም ቦዩ መዘጋት የለበትም።

የፊቱ እና የኋላው ተከላካይ

ክብ ገላ ያለው ፈረስ ሌላም ጠባይ አለው። ሆዱ ወደ ኋላ ስለሚሰፋ ማሰሪያው ወደ ጠባቡ ቦታ፣ ወደ ፊት እግሩ፣ ይንሸራተታል። ማሰሪያው ወደ ፊት ሲሄድ ኮርቻውን ይዞት ይሄዳል። ወደ ቁልቁለት ሲወረድ ደግሞ ይብሳል። ከስማዳ ደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ኮርቻው በፈረሱ አንገት ላይ ሲመጣበት የሚያይበት ምክንያት ይኼ ነው።

ለዚህ የአባቶች መልስ ወዴላ ነው። ከኮርቻው ተነስቶ በጭራው ስር የሚያልፈው ማሰሪያ ማለት ነው፤ ኮርቻው ወደ ፊት እንዳይሄድ ከኋላ ይይዘዋል። ዳገት ላይ ደግሞ ደረቱን ዞሮ የሚያልፈው ማሰሪያ ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ያደርጋል። ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው። ይህ ሲባል ግን ሥራቸው ማገዝ እንጂ ልክ ያልሆነ ኮርቻን መሸከም አይደለም። ወዴላ ከመጠን በላይ ከተሳበ የጭራውን ስር ይልጣል፤ የደረቱም ማሰሪያ ጉሮሮ ላይ ከወጣ ትንፋሽ ይዘጋል። በሁለቱም ስር እጅ በቀላሉ መግባት አለበት።

ከመግባት በፊት

በዕለቱ የሚደረገው እንዲህ ነው። ጀርባው ይጠረጋል፤ አንዲት እሾህ ወይም የደረቀ ጭቃ ከንጣፉ ስር ከቀረች ማምሻውን ቁስል ናት። ኮርቻው ወደ ትከሻው ጠጋ ተደርጎ ይጫንና ጸጉሩ እንዲተኛ ወደ ኋላ ይሳባል። ማሰሪያው መጀመሪያ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ብዙ ፈረስ ሲታሰር ደረቱን ይነፋል። ብልጥ ነው፤ ሰዓት እንደሚያባክን በረኛ ጊዜ ይገዛል። ጥቂት እርምጃ ሲሄድ አየሩን ይለቃል፣ ያኔ አንድ ቀዳዳ ይጨመራል። ከመውጣት በፊት ሌላ አንድ። አንድ ጊዜ ተጋልቦ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ እንደገና ይታያል።

ጣት ዳኛ ነው። ሁለት ጣት በማሰሪያውና በጎኑ መካከል ጠበቅ ብሎ ከገባ ልክ ነው። ጭራሽ ካልገባ ፈረሱ ታንቋል፤ ሙሉ እጅ ከዋኘ ጋላቢው ይወድቃል። ከዚያ የፊት እግሮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወደ ፊት መሳብ ነው፤ በማሰሪያው ስር የተሸበሸበው ቆዳ ይስተካከላል።

ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ኮርቻው ሲወርድ ላቡ ውጤቱን ይናገራል። በግራና በቀኝ እኩል የረጠበ ጀርባ ጥሩ ነው። በላብ መሃል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ግፊቱ እዚያ በዝቶ ሊሆን ይችላል። በጥቁር ወይም በዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ የበቀለ የነጭ ጸጉር ጠቃጠቆም ውበት አይደለም፤ የድሮ የኮርቻ ጉዳት ጠባሳ ነው።

የክብደቱ ነገርም መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ በ2008 በአሜሪካ ኦሃዮ የወጣ ጥናት ፈረስ ከራሱ ክብደት እስከ 20 በመቶ ሲሸከም ብዙም እንዳልተቸገረ፣ 25 እና 30 በመቶ ላይ ግን ጡንቻው እንደሚታመም አሳይቷል። ፈረሱ 250 ኪሎ፣ ጋላቢው ከነኮርቻው 70 ኪሎ ቢሆኑ 28 በመቶ ነው። ትንሽ ፈረስ ለስህተት ቦታ የለውም። ሸክሙ ከበዛ ቢያንስ እኩል ይከፋፈል።

አንድ ዘለበት

«ይህ ሁሉ ለአንድ ማሰሪያ?» የሚል ካለ ወደ ሊቨርፑል ይሂድ። ወደ አንፊልድ ሳይሆን ከከተማው ዳር ወዳለው ኤንትሪ የፈረስ ሜዳ። እ.ኤ.አ በ1936 ግራንድ ናሽናል ላይ ዴቪ ጆንስ የተባለ ማንም ያልጠበቀው ፈረስ ሲመራ ቆየ። ጋላቢው አንቶኒ ሚልድሜይ የመጨረሻውን መሰናክል ብቻ ነበር የቀረው። በዚያች ቅጽበት የልጓሙ ማሰሪያ ዘለበት ተፈታ። ፈረሱ የሚመራው አጣና ከመስመር ወጣ። ዋንጫውን ሬይኖልድስታውን የተባለው ፈረስ ወሰደ፣ ለሁለተኛ ተከታታይ ጊዜ። ፈረሱ አልደከመም፣ ጋላቢው አልተሳሳተም። አንድ ዘለበት ብቻ።

ሚልድሜይ የተሸነፈው ዋንጫ ነው። የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ የሚያጣው ግን ከዚያ ይበልጣል። ጥር 25 በጉግስ የደመቀው ፈረስ ጥር 26 ገጣባ ሆኖ ከተገኘ ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ይቆማል። እህል ወደ ገበያ የሚያወጣው ማን ነው? ቁስሉ ሳይድን እንደገና ከተጫነ ደግሞ ያመረቅዛል። በሀገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ አለ። አብዛኛው የሚውለው በሥራ ነው፤ በዓል የሚያየው በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው።

እግር ኳስ በዚህ በኩል ጥሩ ትምህርት አለው። ተጫዋች ሜዳ ከመግባቱ በፊት ዳኛ ታኬታውን ያያል፣ የቅልጥም መከላከያውን ያያል፣ ቀለበትና ሀብል ያስወልቃል። የጨዋታው ሕግ 4ኛው አንቀጽ ይህን ያዛል። በዓለም አቀፍ የፈረስ ውድድሮችም ልጓሙንና ኮርቻውን የሚፈትሹ ሰዎች አሉ። በጥር በዓላትም ልምድ ያላቸው ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች በሜዳው መግቢያ ላይ ቆመው እጃቸውን በየፈረሱ ማሰሪያ ስር ቢያስገቡ የሚጠይቀው አንድ ደቂቃ ነው። የተሰነጠቀ ጠፍር ካለ ይመለስ። ጀርባው የቆሰለ ካለ አይግባ። ቀይ ካርድ ነው፤ ግን ለፈረሱ ሲባል የሚሰጥ ቀይ ካርድ። ለጌጥና ለግልቢያ ሽልማት ሲታሰብም በደንብ ለተያዘ ጀርባ አንድ ሽልማት ቢጨመር ወጣቱ ሌላ ነገር መመልከት ይጀምራል።

ደብረ ታቦር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። መናገሻቸው ያደረጓት ዳግማዊ ቴዎድሮስ የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ነበር። ታጠቅ! የአንድ ንጉሥ ፈረስ ስም ራሱ ስለ ማሰሪያ ያስታውሳል። መታጠቅ ማለት ደግሞ ራስን ማነቅ አይደለም። በልክ መታጠቅ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረቱ። እውነት ነው። ለማድረስ ግን ጀርባው ጤነኛ፣ ትንፋሹ ነጻ፣ ኮርቻው ልክ መሆን አለበት። ለሚቀጥለው ጥር ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሽቦ፣ አንድ ካርቶንና ሁለት ጣት ያስፈልጋሉ።